የወረርሽኙ የእርሻ ድጎማ ለማን ተከፈለ? ከኖብልስ ካውንቲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩናይትድ ስቴትስ የግብርና መሥሪያ ቤት፣ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ
ለተወካዮች ምክር ቤትና ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የግብርና ኮሚቴዎች
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦ በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ለምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን

ጉዳዩ፦ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ለእርሻ የተከፈለው ድጎማ የተደለደለበት ሥርዓት ለወደፊቱ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከኖብልስ ካውንቲ፣ ሚኒሶታ ነው። ካውንቲያችን ከ22 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርበት፣ በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራበት፣ ከዚያም በላይ አሳማ የሚረባበት ገጠር ሲሆን፣ በዋና ከተማው በዎርዚንግተን ያለው የሥጋ ፋብሪካ በደህናው ጊዜ በቀን 20 ሺህ የሚደርስ አሳማ ያርዳል። በፋብሪካው ከሚሠሩት መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣን ሰዎች ጥቂት አይደለንም። አብዛኛው ሐበሻ፣ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ አሳማ ወደ ቤቱ አያስገባም፤ የቤት ኪራዩንና ለአገር ቤት የሚልከውን ገንዘብ ግን ከዚያው ከአሳማው ያገኛል። እኔ ታክስ በመሥራትና ፎርም በመሙላት የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ፣ የመንግሥት ገንዘብ የደረሰውንም ያልደረሰውንም ሰው ወረቀት በየዓመቱ አያለሁ። የደብዳቤው የእንግሊዝኛ ቅጂ በየአድራሻችሁ ተልኳል፤ አማርኛው የወጣው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖቼ አንብበው እንዲመዝኑት ነው። የማነሣቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2020 ጸደይ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ የክፍያው ነገር ከዚያ ስለሚነሣ ግን በአጭሩ ልድገመው። የዎርዚንግተኑ ፋብሪካ በሽታው በሠራተኞቹ ስለበረታ ኤፕሪል 20 ቀን ተዘጋ። አሳማ ደግሞ ፋብሪካ እስኪከፈት ቆሞ የሚጠብቅ ከብት አይደለም። ለገበያ የሚቀርበው 280 ፓውንድ ገደማ ሲመዝን ነው፤ በየቀኑ ሁለት ፓውንድ ያህል ይጨምራል፤ ጥቂት ሳምንት ከዘገየ የማረጃው መሣሪያ ከተሠራበት ልክ ያልፋል፤ ከኋላው ደግሞ ለዚያው በረት የተመደቡ ግልገሎች በቀጠሯቸው ይደርሳሉ። ስለዚህ በኤፕሪል መጨረሻ ፋብሪካው በከፊል ሲከፈት የመጀመሪያ ሥራው ለምግብ ማረድ ሳይሆን ገበያ ያጣውን አሳማ መግደል ሆነ፤ በካውንቲያችንም ሬሳው እየተፈጨ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ የሚለወጥበት ቦታ ተዘጋጀ። ዕድሜ ልኩን አሳማ ያረባ ገበሬ ከብቱን ለዚህ ሲያስጭን ያየ ሰው የገበሬው ኪሳራ የውሸት ነበር ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም።

በዚያው ወር ግን ሌላም ነገር ነበር። ሜይ ከመጋመሱ በፊት በዚህች ትንሽ ካውንቲ በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠ ሰዎች ከ1 ሺህ በላይ ሆኑ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ኤፕሪል 28 ቀን የመከላከያ ምርት ሕግን ጠቅሰው የሥጋ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲቀጥሉ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ይህን ሥልጣን በተግባር እንዲያውል የተሰጠውም የግብርና መሥሪያ ቤታችሁ ነበር። በሜይ መጀመሪያ ሳምንት የማረጃው መስመር እንደገና ሲንቀሳቀስ፣ ሰዎቻችን ማስክ አጥልቀው፣ በላዩ ላይ የፕላስቲክ የፊት መሸፈኛ ደፍተው፣ ከጎናቸው ከቆመው ሰው በተንጠለጠለ ፕላስቲክ ብቻ ተለይተው ቢላዋቸውን አነሡ። መሸፈኛው በትንፋሽ ስለሚደበዝዝ በየደቂቃው በክንድ መጥረግ ያስፈልግ ነበር፤ መስመሩ ግን ለሚጠርግ ሰው አይቆምም። ማታ ከፈረቃ ሲመለሱ ልብሳቸውን ጋራዥ ውስጥ አውልቀው፣ ልጆቻቸውን ሳያቅፉ በቀጥታ ወደ ሻወር የሚገቡ እናቶችና አባቶች በየቤቱ ነበሩ። የአሳማ ዋጋ ከወደቀበት እንዲያንሰራራ ያደረገው ዋናው ነገር የእነዚህ ሰዎች ወደ ሥራ መመለስ መሆኑን በቁጥር ላስረዳ አያስፈልገኝም፤ ፋብሪካው ካልሠራ ገዢ የለም፣ ገዢ ከሌለ ዋጋ የለም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኮንግረስ በማርች 2020 ባወጣው ኬርስ በተባለው የወረርሽኝ እርዳታ ሕግና በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ባለው ሌላ ገንዘብ ላይ ተመሥርታችሁ፣ በአጭር ስሙ ሲፋፕ የተባለውን የኮሮናቫይረስ የምግብ እርዳታ መርሐ ግብር ኤፕሪል 17 ቀን አስታወቃችሁ፤ ሜይ 26 ቀን ማመልከቻ መቀበል ጀመራችሁ። አርባ ቀን እንኳ አልፈጀም። ለመንግሥት ሥራ ይህ የሚያስመሰግን ፍጥነት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲፈልግ ምን ያህል ሊቀላጠፍ እንደሚችል ስለሚያሳይም ከዚህ በታች ለማነሣው ነገር መለኪያ ይሆነኛል። በሴፕቴምበር 2020 ሁለተኛው ዙር ተጨመረ። በሁለቱ ዙር በጠቅላላው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ፤ በ2020 ከፌዴራል መንግሥት ለእርሻ በቀጥታ የተከፈለው ገንዘብ በሁሉም ዓይነት መርሐ ግብር ሲደመር ከ45 ቢሊዮን ዶላር አልፎ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ።

አከፋፈሉ በራስ ቁጥር ነበር፤ በአሳማው ራስ። በመጀመሪያው ዙር ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባለው ጊዜ በበረት ለነበረው አሳማ ሁሉ 17 ዶላር፣ በሁለተኛው ዙር 23 ዶላር ተሰላ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ለተሸጠው ደግሞ ለብቻው የወጣ ተመን ነበረው። ሁለት በረት፣ በእያንዳንዱም 2,400 የራሱ አሳማ የነበረው ገበሬ እንውሰድ፤ በ17ቱና በ23ቱ ተመን ብቻ 192 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በእያንዳንዱ ዙር ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጣሪያ 250 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ በኩባንያነት የተመዘገበ እርሻ ግን እስከ ሦስት አባላቱን ቆጥሮ 750 ሺህ ድረስ ሊወስድ ይችል ነበር።

ለዚህ ለሦስት እጥፉ ያስቀመጣችሁት መስፈርት ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም። እያንዳንዱ አባል በእርሻው ቢያንስ 400 ሰዓት የጉልበት ወይም የአስተዳደር ሥራ መሥራት ነበረበት። እንግዲህ ሕጋችሁ ራሱ ሥራን በሰዓት ቆጥሮ ክፍያ የሚያስገኝበት መንገድ ያውቃል ማለት ነው። ቢሮ ተቀምጦ ስልክ በመደወልና ሒሳብ በመያዝ የሚያልፈው ሰዓትም ከ400ው ይቆጠራል። በማረጃው መስመር የቆመ ሰው በሳምንት አርባ ሰዓት ቢሠራ 400 ሰዓቱን በአሥር ሳምንት ይሞላዋል፤ ኦቨርታይም ከተጨመረበት ከዚያም በፊት። የእርሻው አባል 400 ሰዓት የአንድ እርሻ የክፍያ ጣሪያ በ250 ሺህ ዶላር እንዲያድግ ሲያደርግ፣ የመስመሩ ሠራተኛ 400 ሰዓት በዚያው ዓመት በዚያው አሳማ ላይ የዋለ ሆኖ ሳለ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ስም እንኳ አልነበረውም።

በመካከል የቀሩት ደግሞ የኮንትራት አደላቢዎች ናቸው። ለከተማ አንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ፦ በዚህ አካባቢ ካሉት በረቶች ብዙዎቹ የቆሙት በገበሬው መሬት ላይ፣ ገበሬው በተበደረው ገንዘብ ነው፤ ውስጥ ያለው አሳማ ግን የሌላ፣ ብዙውን ጊዜም የትልቅ ድርጅት ንብረት ነው። ገበሬው መብራቱን፣ ጉልበቱንና የባንክ ዕዳውን ችሎ ያደልባል፤ የሚከፈለው በበረቱ ስፋት ወይም በአሳማው ቁጥር ነው። አሳማው ተገድሎ በረቱ ባዶ ሲቀር ገቢው ይቆማል፤ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ግን አይቆምም። የሲፋፕ የመጀመሪያው ዙር ክፍያ የዋጋ ኪሳራ ለሚሸከም ባለቤት ብቻ ነው በማለት እነዚህን ሰዎች ከበር መለሳቸው። ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 እንዲካተቱ ሕግ አወጣ፤ እናንተ ዝርዝሩን አውጥታችሁ የጠፋባቸውን ገቢ 80 በመቶ መሠረት አድርጋችሁ ለማስላት የደረሳችሁት ግን በኦገስት 2021 ነበር፤ የማመልከቻው ቀንም ኦክቶበር 12 ተዘጋ። ባለቤቱ ከአርባ ቀን ባነሰ ጊዜ የተከፈተለት በር ለአደላቢው ከአንድ ዓመት በላይ ቆየበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል።

የሠራተኛው ደግሞ ከዚህም ዘገየ። ለእርሻና ለሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች የአንድ ጊዜ 600 ዶላር የሚሰጠው መርሐ ግብር ይፋ የሆነው በ2021 መገባደጃ፣ ገንዘቡ ለሚያከፋፍሉት ድርጅቶች የተደለደለው በ2022 መገባደጃ ሲሆን፣ በሰዉ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሚኒሶታ ግዛት በበኩሉ በግንባር ለሠሩ ሠራተኞች የመደበውን 500 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች አከፋፍሎ በ2022 ለእያንዳንዳቸው 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም ሰጠ፤ ይህ የናንተ ሥራ አይደለም፣ ግን ግዛቱን ላመሰግን እወዳለሁ። ሁለቱን ያገኘ ሰው ድምሩ 1,087 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። ሁለቱንም ያላገኙ፣ በመካከሉ ሥራ የቀየሩ፣ ወደ ሌላ ግዛት የሄዱ፣ ማመልከቻ መኖሩን የሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ የሆኑ ብዙዎችን አውቃለሁ።

የሚነሣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። ሠራተኛው ደመወዙ አልቀረበትም፤ የፌዴራል መንግሥት ለሕዝቡ የሰጠውን የወረርሽኝ ጊዜ 1,200 ዶላር አግኝቷል፤ ከሥራ የቀረውም በሳምንት 600 ዶላር የሥራ አጥ ጭማሪ ነበረው ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን 1,200 ዶላሩ ገቢው በሕጉ ወሰን ውስጥ ለነበረ ገበሬም ደርሷል፤ ከዚያም በላይ በራሱ ስም የሚያርስ ገበሬ በደመወዝ ጥበቃ መርሐ ግብሩ በኩል እስከ 20,833 ዶላር የሚሰረዝ ብድር ማግኘት ይችል ነበር። የሥራ አጡ ጭማሪ ደግሞ የሚሰጠው ቤቱ ለዋለ ሰው ነው፤ ተጠርቶ ወደ መስመሩ የተመለሰው ለሠራባቸው ሳምንታት አልተከፈለውም። ሌላው ክርክር የእርሻ ድጎማ የዋጋ ኪሳራ ማካካሻ ስለሆነ ዋጋ የሚሸከመው ባለቤቱ ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህን ክርክር በተራ ጊዜ እቀበለዋለሁ። መንግሥት ግን በኤፕሪል 2020 በዚህ የሥራ ሰንሰለት ውስጥ ከባለቤቱም ከዋጋውም አልፎ ገብቶ፣ ሠራተኛው የሚቆምበት ፋብሪካ እንዳይዘጋ በትእዛዝ ወስኗል። በትእዛዝ የገባበትን አደጋ በክፍያው ጊዜ ከሥርዓቱ ውጭ ነው ማለት አይችልም።

ስለ ትናንሾቹ አምራቾችም አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሦስት ኤከር ተከራይቶ ጎመን፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት እያመረተ ለሐበሻ ምግብ ቤቶችና ለቅዳሜ ገበያ የሚያቀርብ አንድ ወዳጄ አለ። ሁለተኛው ዙር አትክልትን በ2019 ሽያጭ ልክ ያካክስ ነበር፤ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ለሆነው ሽያጭ 10.6 በመቶ። የእሱ ሽያጭ 8 ሺህ ዶላር ስለነበር 848 ዶላር ይደርሰው ነበር፤ ሼጁል ኤፍ በተባለው የእርሻ ገቢ የታክስ ቅጽ ያሳወቀው ገቢ ስለሆነ ማስረጃውም በእጁ ነበር። አላመለከተም። የመሬት ኪራዩ የቃል ስምምነት ነው፤ ኤጀንሲው እርሻን የሚመዘግብበትን የእርሻ ቁጥር አውጥቶ አያውቅም፤ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ የሚባለውም ትራክተርና ኮምባይነር ላለው ሰው የተቋቋመ ቢሮ ይመስለው ነበር፤ በዚያ ላይ ቢሮዎቹ ወቅቱን ሁሉ በስልክ ቀጠሮ ብቻ ያስተናግዱ ነበር። 848 ዶላር የዘርና የጠብታ መስኖ ቱቦ ዋጋ ነው። ከ2 ሺህ በላይ የካውንቲ ቢሮዎች ያሉት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው የሚያውቀው ሰውዬው አስቀድሞ ራሱን ካስመዘገበ ብቻ መሆኑ፣ ችግር በመጣ ቁጥር ገንዘቡ ቀድሞ ወደሚታወቀው ደንበኛ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ነገሩ ከዘር ጉዳይ ጋር እንደሚነካካ አልዘነጋሁትም። በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቶም ቪልሳክ በማርች 2021 ራሳቸው እንደተናገሩት፣ እስከዚያ ከተከፈለው የወረርሽኝ ድጎማ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው 0.1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ወር ኮንግረስ ለጥቁርና በዘራቸው ለተገለሉ ሌሎች ገበሬዎች ያወጣው የዕዳ ስረዛ በጁን በፍርድ ቤት ታግዶ፣ በኦገስት 2022 በሌላ ሕግ ተሽሯል። እኔ ያንን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። የምጠይቀው መለኪያ ዘር የማይጠይቅ፣ ሥራን ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ ለኮንትራት አደላቢው ነጭ ጎረቤቴም ለመስመሩ ሠራተኛ ወገኔም እኩል ይሠራል።

ይህን ያረጀ ጉዳይ ዛሬ ለምን ታነሣዋለህ ብትሉኝ መልሴ መለኪያው አለመቀየሩ ነው። በ2025 የከፈታችሁት የ10 ቢሊዮን ዶላር የሰብል ድጎማ ለበቆሎ በኤከር 42 ዶላር ከ91 ሳንቲም፣ ለአኩሪ አተር 29 ዶላር ከ76 ሳንቲም ተከፍሎበታል። ብዙ ኤከር ላለው ብዙ፣ ጥቂት ላለው ጥቂት፤ ጎመንና ቃሪያ ለሚያመርተው ደግሞ በዚያ መርሐ ግብር ምንም። ቀጣዩ ወረርሽኝ፣ ወይም አሁን በየዶሮ እርባታውና በየወተት እርሻው የምናየው የወፍ ጉንፋን ከዚህ ቢብስ፣ ከመሳቢያ የሚወጣው ቀመር ይኸው እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ የግብርና ኮሚቴዎቹ በእርሻ ሕጉ ውስጥ እንዲያስገቡልን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ መንግሥት የምግብ ፋብሪካ ሥራ እንዲቀጥል በሚያዝበት ማናቸውም አደጋ፣ ለከብት ባለቤት የሚከፈለው ድጎማ በሚከፈትበት በዚያው ቀን ለኮንትራት አደላቢውና ለፋብሪካ ሠራተኛው የሚከፈለውም እንዲከፈት፤ ለአባልነት ጣሪያ ያገለገለው የሰዓት መለኪያም ለሠራተኛው እንዲያገለግል። ሠራተኛውን ለማግኘት አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም፤ ሰዓቱ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጣሪያውን ሦስት እጥፍ ደግሞ ወይ አንሡት፣ ወይ የአስተዳደር ሰዓትን ከጉልበት ሰዓት ለይታችሁ አስመዝግቡት። የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት የሲፋፕ ክፍያዎች ምርመራ መጥበቅ እንዳለበት መክሮ ነበር፤ አብዛኛው የተከፈለው አመልካቹ ራሱ ፈርሞ ባረጋገጠው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነውና።

የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲን ደግሞ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው በየካውንቲው የተከፈለውን በባለቤት፣ በኮንትራት አደላቢና በአነስተኛ አምራች ተለይቶ፣ የማንም ሰው ስም ሳይወጣ፣ ድምሩንና የተቀባዩን ብዛት በአንድ ገጽ እንድታወጡ ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ የካውንቲው ሰው ድርሻው እንዴት እንደተደለደለ በጭምጭምታ ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይገባዋል። ሁለተኛው አነስተኛ አምራቾችን አደጋ ሳይመጣ በፊት፣ በሚሸጡበት ገበያ ሄዳችሁ እንድትመዘግቡ ነው፤ ለመጀመሪያ ምዝገባ የሚያስፈልገው የደንበኛ መረጃ ቅጽ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሩብ ሰዓት የሚሞላ ነው።

ለእናንተ ለወገኖቼ ደግሞ፦ መሬት የተከራያችሁ ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ የእርሻ ቁጥር አውጡ፤ የሸጣችሁትን በደረሰኝ ያዙ። የተመዘገበ አምራች በካውንቲው ኮሚቴ ምርጫ መሳተፍ ይችላል፤ ኮሚቴው ከሦስት እስከ አሥራ አንድ አባላት ያሉት ሲሆን፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በኖቬምበር መጀመሪያ በፖስታ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ ስለሚጣል ፖስታችሁን እያያችሁ ጣሉ። በፋብሪካ የምትሠሩ የደመወዝ ወረቀታችሁን ቢያንስ የሦስት ዓመቱን አስቀምጡ፤ የ600 ዶላሩ ጊዜ ብዙ ሰው የተቸገረው በ2020 የት ይሠራ እንደነበር በወረቀት ማሳየት ሲያቅተው ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱም ከኮሚቴዎቹም በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልሱ ረጅም እንዲሆን አንጠይቅም፤ የሰዓቱ መለኪያ ለሠራተኛ የማይሆንበት ምክንያት ካለ ምክንያቱን፣ ከሌለ ደግሞ በየትኛው የእርሻ ሕግ ረቂቅ እንደሚቀርብ ብቻ ብትነግሩን ይበቃናል። መልሱ ሲደርሰን በአማርኛ ተርጉመን እዚሁ እናወጣዋለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የኖብልስ ካውንቲ፣ ሚኒሶታ ነዋሪ